ክራኒዮሳክራል የሚሠራ ባለሙያ ስትፈልጉ መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ክራኒዮሳክራል ቴራፒ የራስ ቅልንና ከወገብ በታች ያለውን የሳክረም አጥንት በእጅ በቀስታ ይዞ የሚሠራ ነው። ሐሳቡን ያነሳው ዊሊያም ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ኦስቲዮፓት (አጥንትና ጡንቻን በእጁ የሚያክም ባለሙያ) ነበር፤ ዛሬ በምናውቀው ስም ያስፋፋው ደግሞ ጆን አፕሌጀር ነው።

እውነቱን አስቀድመን እንናገር። ባለሙያዎቹ በጣታችን ይሰማናል የሚሉት፣ ከልብ ምት የተለየ ምት ተፈትኖ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ታካሚ ይዘው ሲቆጥሩ ቁጥራቸው አልገጠመም። በሽታ ስለማዳኑም ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሰውነቴን ያዝናናልኛል ብላችሁ ብትሄዱ ግን አንቃወምም። መድኃኒትሽን አቁሚ፣ ሐኪም አያስፈልግህም የሚላችሁ ሰው ዘንድ ግን አንዲት ደቂቃ አትቆዩ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ “ክራኒዮሳክራል ቴራፒስት” በሚል ስም የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ የለም። ግድግዳ ላይ የምታዩት ሰርተፊኬት ኮርስ መውሰዱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። አፕሌጀር ካቋቋመው ተቋም የመጀመሪያው ኮርስ የአራት ቀን ነው፤ ባዮዳይናሚክ የሚባለው ዘርፍ የሰሜን አሜሪካ ማኅበር ግን 700 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ስለዚህ ስትደውሉ “ፈቃድዎ በየትኛው ሙያ ነው? የትኛውን ደረጃ ጨርሰዋል?” በሉ። ፊዚዮቴራፒስት፣ ኦስቲዮፓት ወይም የማሳጅ ቴራፒስት ከሆነ ስሙን በፈቃድ ሰጪው ቦርድ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ ክፍያ የለውም፣ የተወሰደበት ቅጣት ካለም ይወጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ የማሳጅ ፈቃድ የሚሰጠው የነርሲንግ ቦርድ ስለሆነ ሌላ ቦታ ስትፈልጉ እንዳትደክሙ።

አነካኩን ለማወቅ አንድ የአምስት ሳንቲም ኒክል መዳፋችሁ ላይ አድርጉ። ክብደቱ 5 ግራም ነው፤ ጫናው በዚያ ልክ መሆን አለበት። ወጌሻ ቤት የለመዳችሁት መጎተትና ማሸት እዚህ የለም። አንገት የሚያጣምም ካለ ሌላ ነገር እየሠራ ነው፣ አስቁሙት። ልብስ አይወልቅም። አፍ ውስጥ ጣት ማስገባት ቢያስፈልግ ጓንት አድርጎ፣ አስፈቅዶ ነው።

ስለ ጤናችሁ ሳይጠይቅ እጁን የሚያሳርፍባችሁ ባለሙያ አይሁን። በቅርቡ ስትሮክ ያገኘው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰ፣ የራስ ቅሉ የተሰነጠቀ ወይም የአንጎል ደም ሥሩ ያበጠ ሰው ይህን መሞከር የለበትም። ድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታት ከሆነ ቀጠሮ ሳይሆን 911 ነው። ሕፃን ሲያለቅስባችሁም መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪሙ ይየው፤ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ደግሞ ለነገ አይባልም።

አሥር ቀጠሮ በቅድሚያ ክፈሉ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። በየጊዜው እየከፈላችሁ ሂዱ፤ ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ለውጥ ካላያችሁ አቁሙ።