ለአዲስ ገቢዎች፣ ከነባሮቹ ፊት፦ ጣልያን፣ ቦሎኛ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የኮሚዩኒቲያችን አባቶችና እናቶች፣ ነባር ተማሪዎች፣ በተለይ ደግሞ በዚህ መስከረም ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ቦሎኛ የገባችሁ ልጆች፣ እንኳን አደረሳችሁ! እንኳንም ደህና መጣችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ትምህርቱ ተናገር ብለውኛል። እሺ። ዩኒቨርሲቲው በ1088 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ ይባላል፤ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ ማለት ነው። ፈተናው ብዙ ጊዜ በቃል ነው። ከ30 ይታረማል፣ ማለፊያው 18 ነው። ውጤቱ ካልጣማችሁ «አልቀበልም» ብላችሁ ደግማችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አገር ቤት መምህሩን እንዲህ ብትሉት ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ደግሞ እዚህ ከተማ ያለው አዚኔሊ ግንብ ላይ ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ አይመረቅም የሚል ወግ አለ። ጎረቤቱ የጋሪሴንዳ ግንብ አስጊ ስለሆነ አሁን አዚኔሊ ዝግ ነው። ስለዚህ የወደቀ ሰው በግንቡ ማሳበብ አይችልም።

ስለ ትምህርቱ ይኸው። የመጣሁት ግን ሌላ ነገር ልናገር ነው።

እኔ ስመጣ፣ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት እንዳለብኝ ሰምቼ ነበር። የት? በምን? አላውቅም። የአንድ ነባር አበሻ ስልክ ሰጡኝና ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ፕሮሰሱ ከባድ ነው፤ እኔ አስጨርስልሃለሁ» አለኝ። ከዚያ 150 ዩሮ ጠየቀኝ። የያዝኩት ገንዘብ እናቴ ዕቁብ ቀድማ ወጥታ የሰጠችኝ ነበር። አልከፈልኩም። ከፍዬ የወሩን ኪራይ ከየት አመጣለሁ?

አብሮኝ የሚኖር ፓኪስታናዊ ልጅ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ጃኬቱን አነሣና «ና» አለኝ። ፖስታ ቤት ሄድን። የማመልከቻው ቅጽ ያለበት፣ ቢጫ መስመር ያለው ትልቅ ፖስታ ጠይቆ አስሰጠኝ። በነፃ! ከዚያ ትልቅ «ቲ» የተለጠፈበት ሲጋራ መሸጫ ገብተን የ16 ዩሮ ቴምብር ገዛን። ማታ ኩሽና ውስጥ ቅጹን ዘረጋነው። በጥቁር እስክሪቢቶ፣ በትልልቁ ፊደል፣ አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል እያልን ሞላን። «ፖስታውን እንዳታሽገው፣ እዚያ ከፍተው ያዩታል» አለኝ። በማግስቱ አስገባን። ደረሰኙንና የፖሊስ ቀጠሮውን ተቀበልኩ። አለቀ። «ከባዱ ፕሮሰስ» ይኼ ነው!

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ አማርኛ አይናገርም። ከእኔ ጋር ጥምቀት አልወጣም፣ ሰፈሬንም አያውቅም። አንድ ሳንቲም አልጠየቀኝም። 150 ዩሮ የጠየቀኝ ግን «ወንድሜ» ያለኝ ነው።

እዚህ ያለን ነባሮች መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ምን ያስደብቀናል? አንዱ «እኔ ማን ነግሮኝ ነው?» ይላል። ሌላው ሰው በበዛ ቁጥር ስኮላርሺፑ ከእኔ ይቀራል ብሎ ይሰጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ኤጀንሲ ነኝ ባዩ የዩኒቨርሲታሊን፣ ማለትም የጣልያን ዩኒቨርሲቲዎች መመዝገቢያ ድረ ገጽን፣ ቅድመ ምዝገባ ለመሙላት ከድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ይቀበላል። ራሳችሁ በነፃ ኦንላይን የምትሞሉትን!

የክልሉ ስኮላርሺፕ የቤተሰብ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ ነው። የገቢው ማስረጃ ከአገር ሳይወጡ መዘጋጀት አለበት። ይህን የሚነግረው አጥቶ የመጀመሪያ ዓመቱን ያለ ስኮላርሺፕ፣ ሌሊት ሌሊት ሰሃን እያጠበ የገፋ ልጅ አለ። እዚሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። አንድ የቴሌግራም መልእክት ነበር የጎደለው። አንድ! ያን መልእክት መላክ ይችሉ የነበሩም እዚሁ ተቀምጠዋል። ያሳፍራል! በሰው አገር እርስ በርሳችን ደላላ እንሁን? የራሳችንን ልጅ እንሽጥ?

ሌላው አጭር ነው። ቤቱን ሳታዩ ቀብድ እንዳትልኩ። በተማሪ ፈቃድ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ጣልያንኛ ተማሩ፤ ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የፖስታ ቤቷ ሴትዮ እንግሊዝኛ የላትም። ብርዱን ትለምዱታላችሁ።

በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። ነባሮች፣ አንደኛው ላይ ስልካችሁንና የምታውቁትን ጻፉ፦ ኪራይ፣ ስኮላርሺፕ፣ ሐኪም፣ ምንም ይሁን። ዋጋ አትጻፉበት። አዲሶች፣ ሁለተኛው ላይ የቸገራችሁን ጻፉ። የመኖሪያ ፈቃድ ገና ያላመለከታችሁ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እንገናኝ። ፓስፖርታችሁን ከነኮፒው ያዙ፣ የቪዛውን ገጽ ጭምር። አመሰግናለሁ።