ሰፈሩ የሚያውቀውን መጠየቅ፦ ድርጅቶችና በጎ ፈቃደኞች የአካባቢያቸውን ችግር የሚያቃልሉበት መንገድ

[ምስል፦ በአዲስ አበባ ያለ አንድ አሮጌ ሰፈር፤ ዝገት የበላቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከጥጉ ላይ የተተከለ የዕድር ድንኳን]

አንድ ባንክ፣ አንድ ዳቦ ቤት ወይም አንድ ሥራ ተቋራጭ ለሚሠራበት አካባቢ አንድ ነገር ለማድረግ ሲነሳ፣ በስብሰባው ላይ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ምን እንስጥ?» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ሊመለስ ይገባዋል። በዚህ ሰፈር ማን እንደተቸገረ፣ በምን እንደተቸገረና ችግሩ በየትኛው ወር እንደሚበረታ የሚያውቀው ማን ነው? በዚህ ቪዲዮ አዲስ አበባን በምሳሌነት ወስደን የምንመለከተው ይህንን ጥያቄና ከመልሱ የሚከተለውን ሥራ ነው።

በከተማው ውስጥ ይህንን መረጃ ከማንም አስቀድሞ የሚይዘው ዕድር ነው። ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ቢሆንም፣ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በምርጫ የሚሾም፣ የአባላት መዝገብ ያለው፣ ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስቶች ያሉት ተቋም ነው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታባቸው ዓመታት የቀብሩ ብዛት ካዝናቸውን ሲያራቁተው፣ በርካታ ዕድሮች ሰው ከሞተ በኋላ ከመድረስ አልፈው ታማሚ ወደ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መደገፍ ተሸጋግረዋል። በዕድር ጸሐፊ መዝገብ ላይ ለወራት መዋጮ ያልከፈለ ቤት መኖሩ፣ ያ ቤት ሥራ ማጣት ወይም ሕመም ሳይገጥመው እንዳልቀረ ከሚያመለክቱ የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው፤ የትኛውም የዳሰሳ ጥናት ይህን ያህል ፈጥኖ አይደርስበትም።

ሆኖም ዕድር ሁሉን አያይም። ከሁሉ የከፋ ኑሮ የሚኖሩት ሰዎች፣ ማለትም በቅርቡ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ በየጊዜው ቤት የሚቀይሩ ተከራዮችና በጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ የየትኛውም ዕድር አባል አይደሉም። ስለዚህ የዕድሩን ዝርዝር የያዘ ድርጅት ቤት ለቤት ከሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ተርቦ የሚመጣውን ተማሪ በስሙ ከሚያውቁት መምህራን፣ እንዲሁም ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቱም የራሱ ዝርዝር አለው። ዝርዝሮቹ በማይገጣጠሙበት ቦታ የሚገኘው ሰው፣ ከማንኛቸውም እርዳታ ያልደረሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

[ምስል፦ ደም የሚለገስበት ተንቀሳቃሽ ጣቢያ፤ አልጋ ላይ የተኛ ለጋሽ፣ በእጁ የሚጨምቀው ትንሽ ኳስ]

ጊዜን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የደም ልገሳ ነው። በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በቀይ መስቀል ማኅበር ሲመራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ከአንድ ለጋሽ የተወሰደ ደም ተለያይቶ ከአንድ በላይ ሕሙማንን ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍሉ እኩል ዕድሜ የለውም። ቀይ የደም ሴል እንደ መጠበቂያው ፈሳሽ ዓይነት በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ35 እስከ 42 ቀናት ይቆያል። ለደም መርጋት የሚያስፈልገው ፕላትሌት ግን የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው፣ ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሕፃን የሚድነው በዚያ ሳምንት በባንኩ ውስጥ ባለው ደም ነው።

እንግዲህ አንድ ድርጅት በዓመት አንድ ቀን ሠራተኞቹን በሙሉ አሰልፎ ደም ቢያስለግስ መልካም አደረገ፤ ይሁንና ደሙ በሁለት ወር ውስጥ ወይ ጥቅም ላይ ውሏል ወይ ጊዜው አልፏል። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ግራም በላይ መሆን አለበት። አንድ መቶ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በሦስት ከፍሎ በየወሩ ተራ ቢያስገባቸው፣ ያው ሰው ሆኖ ሳለ ለባንኩ የሚሰጠው ዋስትና ፍጹም የተለየ ይሆናል። ከለጋሾቹ መካከል የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ በመሆናቸው፣ ትምህርት ቤቶች በክረምት ሲዘጉ የሚሰበሰበው ደም ይቀንሳል፤ በአጽዋማት ወቅትም እንዲሁ። መሥሪያ ቤቶች ሊሸፍኑት የሚገባው ክፍተት በትክክል እነዚህ ወራት ናቸው። ድርጅቱ የሚያወጣው ወጪ ከአንድ ሰዓት የሥራ ፈቃድ፣ ከውኃና ከቁርስ አይበልጥም፤ ከሚታተመው ባነር ያነሰ ዋጋ እንደሚያስወጣ ለመገመትም አያዳግትም። እያንዳንዱ ፈቃደኛ ተራውን ሲያከብር ደግሞ፣ የታማሚው ቤተሰብ ምትክ ደም የሚሰጥ ዘመድ ፍለጋ ከሆስፒታል በር ላይ የሚቆምበት ጊዜ ይቀንሳል።

[ምስል፦ ክረምት፤ ከተነቀለ ጣሪያ ሥር የሚታይ የጭቃ ግድግዳ]

በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ከሚከናወኑት ሥራዎች በጣም የሚታወቀው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ነው። ድርጅቶች ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ያቀርባሉ፤ ወጣቶች ጉልበታቸውን ይሰጣሉ። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን ከጭቃው ጋር አይስማማም። የጭቃ ቤት ምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት መሰንበት፣ ከተለሰነ በኋላም መድረቅ ይፈልጋል። ዘመቻው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ተማሪዎች ዕረፍት በሚወጡበት፣ ዝናቡም በሚበረታበት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። በሐምሌ የተለጠፈ ጭቃ እስከ መስከረም እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በቤቱ ውስጥ ያለችውን አረጋዊት ሳንባም ያውካል። ከዚህ የሚሻለው ሥራውን ከሁለት መክፈል ነው፦ ጣሪያውን፣ ወራጁንና ግድግዳውን በሚያዝያና በግንቦት በባለሙያ ማሠራት፤ ለክረምቱ ወጣቶች ደግሞ ቦይ መጥረግን፣ አሸንዳ መግጠምን፣ ዕቃ ማጓጓዝንና ለልጆች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠትን መተው። ሚስማር መትቶ የማያውቅ ተማሪ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ከሚያጎብጥ፣ ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሒሳብ ቢያስረዳ ሁሉም ያተርፋል።

በእድሳቱ ላይ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ ይኸውም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በዝቅተኛ ኪራይ የተያዙ፣ ኪራዩም ጥገናቸውን ሊሸፍን ያልቻለ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ላይ ያለ ወረዳው ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስ ወይም ክፍል መጨመር ነዋሪዋን ካልታሰበ ክርክር ውስጥ ሊከታት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ አውጪው ድርጅት አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ፈቃዱ በጽሑፍ አለ ወይ? አካባቢውስ በመልሶ ማልማት ወይም በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ ይገኛል ወይ? በሚቀጥለው ዓመት የሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ከመምታት፣ ያንን ገንዘብ ነዋሪዋ ወደ አዲሱ ቤቷ ስትገባ ለሚያስፈልጋት በር፣ መስኮትና የመብራት ቆጣሪ ማዋል ይሻላል።

ድርጅት ከሚሰጠው ሁሉ ውድና ፍሬያማ የሚሆነው በራሱ ሙያ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ በርካታ የሕንፃ ባለቤቶች ከተከራዮቻቸው የወር ኪራይ ላለመቀበል መወሰናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ማንም ብርድ ልብስ ገዝተው እንዲያከፋፍሉ አልጠየቃቸውም፤ በእጃቸው ያለው ቤት ነበር፣ ችግሩም የኪራይ ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ የወፍጮ ቤት ባለቤት ከጤፍና ከበቆሎ ላይ የማስፈጫ ዋጋ ሊተው፣ ባለ አይሱዙው በሳምንት አንድ ጉዞ ሊሰጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሊያስተካክል፣ የሂሳብ ባለሙያው የዕድሩን መዝገብ ሊያስተካክል ይችላል። ባንክም ቢሆን ከሚያድለው ዘይትና ዱቄት ይልቅ፣ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ የመነሻ ብድር የምታገኝበትን መንገድ ቢያሳጥር ሙያው ነው።

የትምህርት ቤት ምገባም ይህን ያሳያል። በአዲስ አበባ «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ቀድሞ የጀመረውን ሥራ የከተማው አስተዳደር ተረክቦ ቁርስና ምሳን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስፋፍቷል፤ በምግብ አብሳይነትም እናቶች ሥራ አግኝተዋል። ጀማሪው በጎ አድራጊ ሊሠራ የሚችለውን አሳይቶ፣ ዘላቂውን ሸክም አቅም ላለው አካል ያስረከበበት መንገድ በመሆኑ ሊጠና የሚገባው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ድርጅት ዛሬ ሊሞላ የሚችለው ቀሪ ጉድለት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለአብሳዮቹ የጤና ምርመራ ክፍያ።

[ምስል፦ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ግቢ፤ ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንቶች]

አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው መሪ ቃሉ ይታወቃል። ቃሉ ለመነሳሳት በቂ ነው፤ ለአገልግሎቱ ቀጣይነት ግን የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በየትኛውም እንዲህ ዓይነት ማዕከል በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ጎብኚ ይጎርፋል፤ በጥር ወር አንድ ተራ ማክሰኞ ላይ ግን አልጋ ላይ የዋሉትን የሚያገላብጥ፣ ልብስ የሚያጥብና ገላ የሚያጥብ ሰው ያጥራል። በወር ሁለት ማክሰኞ ሳያቋርጥ የሚመጣ አንድ ፈቃደኛ በበዓል ቀን በአውቶቡስ ከሚመጡ ሃምሳ ሠራተኞች በላይ ሥራ ያቃልላል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሃምሳዎቹን የሚያስተናግደውም ያው የደከመው የማዕከሉ ሠራተኛ ነውና።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት እንበል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የሚደረግ ስጦታ፣ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ፣ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ይህ ግን ለማንኛውም ተቀባይ አይሠራም። ዕድርና ዕቁብ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለማይሸፈኑ፣ ለዕድር የተሰጠ ገንዘብ በወጪነት ይያዛል ብሎ ማሰብ ነጋዴውን ሊያሳስተው ይችላል። በግብር አዋጁ ላይ ማሻሻያዎች ስለተደረጉም ከመስጠት በፊት ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል። አንዱ አማራጭ ገንዘቡን በሕግ በተመዘገበ ድርጅት በኩል አሳልፎ፣ የተረጂዎቹን ልየታ ለዕድሩ መተው ነው።

በጎ ፈቃደኛው ነፃ ይሥራ ማለት ከኪሱ ይክፈል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከሰሚት ተነስቶ መርካቶ የሚሄድ ተማሪ የታክሲና የምሳ ወጪው ካልተሸፈነለት በሦስተኛው ሳምንት መቅረቱ አይቀርም፤ ሲቀርም የሚወቀሰው እሱ ነው። ፎቶግራፍን በተመለከተ ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፦ ዘይት ስትቀበል ፎቶ መነሳት የምትፈልግ እናት የለችም፤ ፎቶ ካስፈለገ የታደሰውን ጣሪያ ወይም የተተከለውን ሮቶ ማንሳት ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ ነጥቦች በድርጅቱ፣ በዕድሩና በፈቃደኞቹ ተወካይ መካከል በአንድ ገጽ ስምምነት ሊሰፍሩ ይገባል፦ ማን ምን ያቀርባል፣ በየትኛው ወር፣ ጣሪያው በሁለተኛው ክረምት ቢያፈስ ማን ይጠራል፣ ፈቃደኛው ቢታመም ማን ይተካል። ድርጅቱ የሠራውንም ያልሠራውንም ለዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ያቅርብ። በዚያ ጉባኤ ላይ «የእገሌ ቤት ታድሶ የእኛ ለምን ታለፈ?» ብሎ የሚነሳ አባል አይጠፋም፤ ሰብሳቢውም ቅሬታውን በጸሐፊው መዝገብ ላይ አስፍሮ ለሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር መነሻ ያደርገዋል።