በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፦ የተሃድሶ አገልግሎት ወደ ሕሙማኑ ቤት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአዳራሹ በስተኋላ የተነጠፉት ፍራሾች ተረስተው የቀሩ ዕቃዎች አይደሉም፤ ከሎንግ ኮቪድ፣ ማለትም በኮቪድ-19 ከተያዙ በኋላ ለወራት ከሚዘልቅ ሕመም ጋር የሚኖሩ አባሎቻችን ሲደክማቸው ጋደም ብለው ስብሰባውን እንዲከታተሉ የተዘጋጁ ናቸውና፣ ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ ተጠቀሙባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትርጓሜ መሠረት፣ ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሰው በቫይረሱ ከተያዘ ከ3 ወር በኋላ የሚለይ፣ ምልክቶቹ ቢያንስ ለ2 ወር የሚዘልቁና በሌላ በሽታ የማይገለጹ ናቸው። ስሙን ያወጡለት ግን ሐኪሞች ሳይሆኑ፣ በ2020 አለመዳናቸውን ተናግረው ሰሚ ያጡ ሕሙማን ናቸው። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም፤ ስለ ተሃድሶው፣ ማለትም የተዳከመን አቅም ስለ መመለሱ ሥራም ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድመው የተረዱት ነገር ስላለ ነው።

ያም በብዙዎቹ ላይ ድካሙና ሌሎቹ ምልክቶች የሚባባሱት ሥራው እንዳለቀ ሳይሆን ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። እኔ ራሴ አንዲት ታካሚ ኮሪደሩ ላይ ለ6 ደቂቃ ካራመድኳቸው በኋላ «ጥሩ ውጤት» ብዬ መዝግቤ አሰናብቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩን ያነሣችው ልጃቸው ነበረች፤ እናቷ ፀጉራቸውን ለማበጠር እንኳ እጃቸውን ማንሣት አቅቷቸው ነበር። በመዝገቡ ላይ ያለው ግን አሁንም «ጥሩ ውጤት» የሚል ነው።

እንዲህ ላለ ሰው «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምር» የሚለው የለመድነው ምክር ጉዳት ያስከትላል። የዓለም ፊዚዮቴራፒ ድርጅትም በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ እንቅስቃሴ ከመታዘዙ በፊት ይህ መባባስ መኖር አለመኖሩ እንዲጣራ አሳስቧል። መባባሱ ካለ፣ ሥራችን አቅምን መጥኖ መጠቀምን፣ ሥራን መከፋፈልንና ሳይደክሙ ማረፍን ማስተማር ነው፤ ይህም በእኔ እምነት ከማንኛውም መልመጃ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው።

አገልግሎቱ ወደ መኖሪያ አካባቢ ይውረድ የምንለውም ለዚሁ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የምናገኘው ታካሚው መምጣት የቻለበትን ቀን ብቻ ነው፤ መምጣቱ ራሱ ያስከተለውን የሚያዩት ቤተሰቦቹ ናቸው። ቤት ድረስ የሄደ ባለሙያ ግን ገላ መታጠቢያው ውስጥ ወንበር እንደሚያስፈልግ በዓይኑ ያያል፤ ታካሚው ከተኛበት ተነሥቶ በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየም ወደ ሐኪም ይልከዋል።

ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ በሦስተኛው ቀን ስልክ ይደወል፣ መልሱም በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ተጨማሪ የሥራ ጫና መሆኑን እናውቃለን፤ በዚህ ላይ የምትሰነዝሩትን ተቃውሞ ለመስማት ዝግጁ ነን። በየ40 ደቂቃው ዕረፍት ይኖረናል፤ ጉባኤው መከፈቱን እየገለጽኩ፣ ወደ መጀመሪያው አጀንዳ እናልፋለን።