ሹፌሩ ግን ምን አየ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ስለ ዓባይ በረሃ ነው የማወራው፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን ስለሚወጣው ቁልቁለት። ብዙ ሰው «ሸለቆውን እያየን እንነዳለን» ብሎ ነው የሚነሳው። በዚህ አባባል አልስማማም። ወይ ይታያል፣ ወይ ይነዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ የሚሞክር ሹፌር አንዱንም በደንብ አያደርገውም፤ ተሳፋሪዎቹ «ኧረ ይኼን እዩት!» ባሉ ቁጥር መሪው ትንሽ ወደ ገደሉ ያዘነብላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ጎሃ ጽዮን ከአዲስ አበባ ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪ፣ በፍቼ አድርጎ። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ታች ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ግን በግምት 1,050 ሜትር ላይ ነው፣ ርቀቱም 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። አማካዩን ብታሰሉት በየ100 ሜትሩ መንገድ 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው፣ ያውም ሳያቋርጥ። ከዚያ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ታች ሸሚዙን መፍታት ያምረዋል። ላይ ጠጥታችሁ አጥብቃችሁ የዘጋችሁት የውሃ ፕላስቲክ ታች ሲደርስ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። የአየሩ ግፊት ነው። የልጆች ጆሮም በዚሁ ምክንያት ይደፈናል፤ ማስቲካ ያዙላቸው።

የቁልቁለቱ ዋና ነገር ማርሽ ነው። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። ማንዋል ከሆነ ሁለተኛ፤ አውቶማቲክ ቪትዝ ወይም ያሪስ ከሆነ ዘንጉን ከ«ዲ» አውጥታችሁ «ኤል» ወይም «2» ላይ አድርጉ። ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጡ፣ መኪናውን የያዘላችሁ እሱ ነው። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠበቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙና ልቀቁ። እግርን ፍሬን ላይ ጣል አድርጎ መውረድ ነው ችግር የሚያመጣው፤ የፍሬኑ ሸራ ሳያርፍ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ደግሞ የባሰ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። «ዶት 4» የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ የሳበው ግን በ155 ገደማ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ስትረግጡ ፔዳሉ ባዶ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ዘይቱ ከሁለት ዓመት ካለፈው ከመነሳታችሁ በፊት አስቀይሩ። ለዚህ ጉዞ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨው ይሄ ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ አብራችሁት አትሳፈሩ።

የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ኩርባ ላይ ግን በፍጹም። ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አይደፋም፤ ብረቱ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ! መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ማታ ለሚመጣው ጎማ ወጥመድ ነው። አስፋልቱ ላይ ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ተጥሎ ካያችሁ ደግሞ ዝም ብሎ የወደቀ አይምሰላችሁ፤ ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማየቱ ልምጣ። ሸለቆው ተከምሮ የተቀመጠ መጽሐፍ ነው፣ የሚነበበውም ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ዝቅ ሲል ገርጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ያ በዘመኑ የባሕር ወለል ነበር። ከሥሩ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ ተፈራርቆ የተነጠፈበት ክፍል አለ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህን ንጣፍ በጎሃ ጽዮን ስም ነው የሚጠሩት። ታች፣ ወንዙ አካባቢ፣ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። ይሄ ለሹፌርም እውቀት ነው። ሸክላው ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይሄዳል። መንገዱ እንደ ማዕበል የተጣጠፈባቸው ቦታዎች ሥራው የተበላሸ መስለው ይታያሉ፤ የሚሄደው ግን ራሱ ተራራው ነው። እዚያ ላይ ወደ 20 ዝቅ በሉ፣ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይመታል። በከባድ መኪና ጎማ የተቦረቦረውን መስመርም አትከተሉ።

ተሳቢ ያለው መኪና ዳገት ሲወጣ ኩርባውን ለመዞር የእናንተንም ግማሽ ይወስዳል። ቀድማችሁ ክላክስ አድርጉ፣ ቁሙለት። ቅድሚያ የሚወጣው ነው። ከፊት ያለው ሹፌር በፍሬቻ «እለፍ» ቢላችሁ ደግሞ ምርቃት ነው ብላችሁ አትውሰዱት፤ ወደ ዳር እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ፣ አሮጌውና በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራ፣ 303 ሜትር የሚረዝም፣ በኬብል የተወጠረ ነው። ጥበቃ አለበት። ድልድዩ ላይ አትቁሙ፣ ካሜራም ሳትጠይቁ አታውጡ። ፎቶ የሚነሳው ከላይ፣ ከጎሃ ጽዮን በኩል ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከጀርባችሁ ሆና የደጀንን ግድግዳ ታበራላችኋለች። እኩለ ቀን ላይ ጭጋግ ያደበዝዘዋል፤ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ነው ጥሩው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ መነሳት፣ ሸለቆውን ማስቀደም፣ ደብረ ሊባኖስንና ጭላዳዎቹን ለመልስ መተው። መስከረም አጋማሽ ላይ የሰላሌ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጤፉ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ አይመከርም፤ ላይ ጉም፣ መሃል ላይ የሚንከባለል ድንጋይ አለ። ዓባይ ግንድ ይዞ ሲዞር ማየት ለፈለገ ብቻ ነው።

የፀጥታው ጉዳይም አለ። በዚህ መስመር ባለፉት ዓመታት ችግር ስለነበረ በዋዜማውም በዕለቱ ጠዋትም መናኸሪያ ሄዳችሁ በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ። ካመነቱ አትሂዱ። ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ በጨለማ አይወረድም።

ዳገቱን ስትወጡ ኤሲ አጥፉ፣ የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ደጀን አፋፍ ሲደርስ የሚደክመው ለዚህ ነው። ከጋለ ቁሙና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ እናንተ ይስባል። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው አጥፉ። የራዲያተር ክዳን በፍጹም በትኩሱ አይከፈትም። 10 ሊትር ውሃ በጀሪካን፣ ክሪክና የተነፋ ስኮርታ ሳትይዙ ከጎሃ ጽዮን አትለፉ።

መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ድልድዩን አልፋችሁ ሰፊ ቦታ ስታገኙ መሪውን አቀብሉት። ቁልቁለቱን የነዳው ሰው ዳገቱን በመስኮት በኩል ይቀመጥ፤ እስካሁን ያየው የፊተኛውን መኪና ታርጋ ብቻ ነው።