ቆራሌው ሳይቀድመን

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ነው። ጽፌ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ አለበለዚያ እንደማላቆም ታውቃላችሁ።

ይህ ኮሚናል ብዙ አይቷል። በግ አርደንበታል፣ ለቅሶ ተቀምጠንበታል፣ በውኃ ፈረቃ ተጨቃጭቀንበታል። ዛሬ ደግሞ የመጽሐፍ መደርደሪያ ገባለት። ከእኛ ሰፈር ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ኮሚቴው እጁ ይባረክ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃው መግቢያ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አነበብኩ። «ቁም ነገር ያላቸው መጻሕፍት ብቻ» ይላል። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ልብ አንጠልጣይ አንቀበልም» ተብሎ ተጨምሯል። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቄያለሁ። አልናገርም። ግን የወንጀል ልብ ወለድ ሲያነብ ያደገ ሰው የእጅ ጽሑፍ አይጠፋውም።

እስቲ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። የ15 ዓመት ልጅ ነኝ። ሰፈራችን አንድ ሱቅ ነበር፤ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር መጽሐፍ ያከራያል። ለአንድ ሌሊት 10 ሳንቲም፣ መያዣ 2 ብር። አንድ ቀን ሽፋን የሌለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ ተከራየሁ። ርዕስ የለውም። የደራሲ ስም የለውም። አንድ ነጋዴ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከውስጥ እንደተሰካ ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሊነጋጋ ሲል መርማሪው ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበ። «ገዳዩ እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዱ ነው» አለ። ገጹን ገለጥኩ። የለም። ተቀዷል።

ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ፣ ቀና እንኳ ሳይል «እኔም እዚያው ላይ ነው የቀረሁት፤ ዘበኛው ይመስለኛል» አለኝ። ስኳሩን የሚጠቀልልበትን ወረቀት አየሁት። የመጽሐፍ ገጽ ነው። ተቀብዬ አለማንበቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጽሐፉን አልመለስኩም፤ መያዣዬ ቀረ። ከሁሉም የገረመኝ ግን አባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ከጸሎት መጽሐፍ በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ጭቅጭቄ ሲሰለቸው «እስቲ አምጣው» አለ። ሦስት ሌሊት ፈጀበት። በአራተኛው ቀን፣ እራት ላይ፣ ጉርሻውን እንደያዘ «ወንድምየው ነው» አለ። እናቴ ክው አለች። «የማን ወንድም? ማን ሞተ?»

ታዲያ ቁም ነገር የለውም የምትሉኝ ይህንን ነው? ከሰርክ ጸሎቱ በቀር ገጽ ገልጦ የማያውቅን ሰው ሦስት ሌሊት ያስቀመጠ መጽሐፍ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍቱን «አጸዳ»። ስደርስ ቆራሌው ሚዛኑን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጆንያው እስከ አፉ የ60ዎቹና የ70ዎቹ የወንጀል ታሪክ፣ የስለላ ትርጉም ነው። በኪሎ! ኃላፊውን ጠየቅሁት። «ተራ ልብ ወለድ ነው ጋሼ፤ ቦታ አጣበበን» አለኝ። በተለቀቀው ቦታ ምን እንዳስቀመጡበት ታውቃላችሁ? የፕላስቲክ አበባ።

እዚህ ላይ ብታጨበጭቡ አይከፋኝም።

የአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከተነሳ ይልማ ሀብተየስ ይነሳል። ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። መጽሐፉን በእጁ የያዘ ግን ስንት ሰው አለ? ማሞ ውድነህስ? የስለላ ታሪኮችን እየተረጎመ ስንቱን ጎረምሳ አንባቢ አድርጎታል! እኔን ጨምሮ።

እንግሊዞቹም ረስተው ነበር። ጄፈርሰን ፋርጀን የሚባል ደራሲያቸው በ1937፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ አንድ ታሪክ አሳተመ። የገና ዋዜማ ነው፤ ባቡር በረዶ ውስጥ ይቆማል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሲንከራተቱ አንድ ቤት ያገኛሉ። እሳቱ ይነዳል፣ ሻይ ተሰናድቷል፣ ሰው ግን የለም። ደራሲው በ1955 ሞተ፤ መጽሐፉም ተረሳ። በ2014 ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸው አውጥቶ እንደገና አሳተመው። ለገና ገበያ እንደ ጉድ ተሸጠ። ከ77 ዓመት በኋላ! የእነሱ ቤተ መጻሕፍት አቧራውን አራግፎ ያሳትማል፤ የእኛው ለቆራሌው ይመዝናል።

ስለ አወዋስ ደንቡ፣ ስለ ወንበሩና ስለ መብራቱም የጻፍኩት ነበር። ይለፈን። ልጆች ግን እየበላችሁ አታንብቡ፤ ወጥ ከወረቀት አይለቅም።

ያ ማስታወቂያ ይነሳልኝ። ዛሬውኑ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ የጣላችሁትን አምጡ። ሽፋን ባይኖረውም፣ ገጽ ቢጎድለውም አምጡ።

የመጀመሪያውን እኔ ይኸው አምጥቻለሁ። ያ መጽሐፍ ነው። መጨረሻው ላይ ባዶ ወረቀት ሰፍቼበታለሁ፤ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ነው። ባለሱቁ፦ ዘበኛው። አባቴ፦ ወንድምየው። እኔ፦ ሚስትየዋ። ከሥሩ ቦታ አለ፤ አንብባችሁ የጠረጠራችሁትን ጻፉ። ሙሉው መጽሐፍ ያለው ሰው ካለ ቤቴን ታውቁታላችሁ። አደራ፣ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እንዳትነግሩኝ። አንኳኩና ገጹን ብቻ ስጡኝ።