የኋላዋ ጎማ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ብዙ ሰው ዞር ብሎ ስለማያያት አንዲት ጎማ ነው። የትንንሽ አውሮፕላን ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ምን ያህል ከፍታ ይወጣል፣ ነዳጅ ስንት ይጨርሳል። ከጭራው ሥር ያለችው፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትሰፋው ጎማ በምን ተይዛ እንደምትዞር የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም። የሥራ ዘመኔን ብዙውን ክፍል ጭራ ሥር ተንበርክኬ ስላሳለፍኩ በዚህ ቅር ይለኛል።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አውሮፕላን ሦስተኛ ጎማው ከአፍንጫው ሥር ነው። የእኛ አገር የአቪዬሽን ታሪክ የተጀመረው ግን ጭራቸው ላይ በሚቀመጡ አውሮፕላኖች ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውና በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችው ፀሐይ እንዲያ ናት። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው የዲሲ-3 ቤተሰቦችም እንዲሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም የጀመረችው የእርሻ መርጫዋ እሸትም ጭራዋ ላይ ነበር የምትቀመጠው። የዲሲ-3 የጭራ ጎማ ከፔዳሉ ጋር ግንኙነት የላትም፤ መሬት ላይ እንደልቧ ትዞራለች፣ ለመነሣትና ለማረፍ አብራሪው ቀጥ አድርጎ ይቆልፋታል። ሰዎች በየጓሯቸው በሚሠሯቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ግን ጎማዋ በሁለት ሰንሰለትና በሁለት ሞላ ከራደሩ ጋር ትያያዛለች። ራደር ማለት ጭራው ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው ክፍል ነው። ፔዳል ሲረገጥ ራደሩ ይታጠፋል፣ ራደሩ ሰንሰለቱን ይስባል፣ ሰንሰለቱ ጎማዋን ያዞራል። በቃ፤ ይህ ነው። ቀላል ስለሚመስል ነው የሚናቀው።

ለምን እንደማይናቅ ላስረዳ። የደብረ ብርሃን ሰው ጋሪ ያውቃል። ፈረሱ ወደ ፊት ሲስበው ጋሪው ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ ፈረሱ ወደ ኋላ ሲገፋው ግን ጋሪው ወደ ጎን መጠምዘዝ ይጀምራል፣ ባለጋሪው ካልደረሰለትም ይታጠፋል። ጭራው ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ክብደቱ የሚያርፈው ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ኋላ ስለሆነ ሲንከባለል ሁልጊዜ እንደዚያ ወደ ኋላ እንደሚገፋ ጋሪ ነው። ጭራው አንዴ ወደ ጎን ከሄደ የበለጠ መሄድ ይፈልጋል። አብራሪዎች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት፣ አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ ተሽከርክሮ ክንፉን መሬት የሚያስነካበት አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኛ አገር ላይ ደግሞ ከፍታው አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ 60 ኖት (የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ አሃድ ነው) ሲያሳይ መሬቱ ከሥራችን የሚያልፈው ወደ 70 በሚጠጋ ፍጥነት ነው። አብራሪው አርፎ ፍጥነቱ ሲቀንስ ራደሩ ነፋስ ያጣና ይደክማል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጭራው ጎማ ነው። እዚህ ይህ ርክክብ የሚደረገው ከቆላው ይልቅ ጎማው በፍጥነት እየተሽከረከረ ሳለ ነው። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ጨምሩበት።

ወደ ጠባሴ በኩል አንድ ወጣት አለ። በአባቱ የጭድ ጎተራ ውስጥ ከእንጨትና ከጨርቅ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ሠርቷል፤ ሞተሩ ከቮልስዋገን መኪና የወጣ ነው። የበረራ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ከመሬት እንደማይነሣ ተስማምተናል፤ ሜዳ ላይ በዝግታ ይነዳዋል። ሥራው እውነት ለመናገር ያማረ ነው፤ የክንፉን ስፌት ያየ ልብስ ሰፊ ሥራ ይሰጠዋል። የጠራኝ ግን፣ «ጋሼ፣ ፔዳሉን ስረግጠው ጭራው ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ» ብሎ ነው። መፍትሔውንም አስቀድሞ አግኝቶታል፤ ሰንሰለቶቹን አንድ አንድ ቀለበት አሳጥሮ ወጥሯቸዋል።

ተንበርክኬ አየሁ። ሞላዎቹ ከምናለሽ ተራ የመጡ የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ሞላዎች ናቸው። ከሞላው እስከ ጎማዋ ክንድ ያለውን የሚያገናኘው ሁለት ጫፉ የታጠፈ ሜንጦ ነው። አንዱን ፈትቼ በጨርቅ ጠረግሁትና ወደ ብርሃን አዞርኩት። ውስጠኛው መታጠፊያ ላይ፣ የሰንሰለቱ ቀለበት የሚያርፍበት ቦታ፣ ብረቱ ተበልቶ የሚያብረቀርቅ ጎድጎድ ሆኗል፤ አውራ ጣቴን ሳስገባበት ጥፍሬ ተደበቀ። ከውፍረቱ ሲሶው ሄዷል። ሌላኛው ጫፉ ደግሞ በጉተታው ብዛት መከፈት ጀምሯል። ዘግይቶ ይሰማኛል ያለው ይህንን ነው። ሰንሰለቱን ሲወጥር መዘግየቱ ጠፋለት፣ መበላቱ ግን ፈጠነ።

«ጭራውን አንሣው» አልኩት። ትከሻውን ሰጥቶ አነሣው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ጎማዋን የተሸከመው ባሌስትራ፣ ጠፍጣፋው የብረት ሞላ፣ በክብደቱ ወደ ላይ ይለጠጣል፣ ጎማዋም ወደ ራደሩ ትቀርባለች፤ ሰንሰለቱ ይላላል። ጭራው ሲነሣ ባሌስትራው ወደ ታች ይመለሳል፣ ርቀቱ ይሰፋል፣ ሰንሰለቱ ይወጠራል። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ «ልክ ነው» የተባለ ሰንሰለት አየር ላይ የራደሩን ክንድ ወደ ታች የሚጎትት ነው። እንዳልኩት ሆነ፤ ጭራው ከፍ ሲል ሁለቱም ሰንሰለቶች ደረቁ፣ ራደሩን በእጄ ሳንቀሳቅሰው የታችኛው ማጠፊያ አቃሰተ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የጭራ ጎማ ሰንሰለት ትንሽ መላላት አለበት። ብዙዎቹ አብራሪዎችም ሠሪዎችም ይህን አይወዱትም። ጠንከር ያለ መሪ የተሻለ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ነፋስ ከጎን ሲመጣ አብራሪው ራደሩን አጥፎ ነው የሚያርፈው። ሰንሰለቱ ከተወጠረ ጎማዋም ታጥፋ መሬት ትነካለች፣ በነካችበት ቅጽበትም ጭራውን ወደ ጎን ትነጥቃለች። ትንሽ ከላላና ሞላው ከተለጠጠላት ግን የሚንከባለለውን አቅጣጫ ራሷ ታገኛለች። አውሮፕላኑን የሚመራው ራደሩ ነው፤ ጎማዋ ረዳት ናት። ረዳትን አለቃ ማድረግ በየትም ሙያ ጥሩ አይደለም።

ሞላውን በተመለከተ ሌላ ጉዳይ አለ። የሞተር ሳይክሉ ሞላ ሲሳብ የሚለጠጥ ዓይነት ነው፤ ከመጠን በላይ ከተሳበ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ከተሰበረም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሲሳብ የሚጨመቀው ነው፤ ሁለት የሽቦ ማሰሪያዎች በውስጡ ተላልፈው ይገባሉ፣ ስትስቧቸው ሞላውን ከሁለት ወገን ይጨምቁታል። ይህኛው ቢሰበር እንኳ ማሰሪያዎቹ ተያይዘው ይቀራሉ። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን የገዛ ሰው ደግሞ ግራና ቀኙ ሞላ እኩል አለመሆኑን አይቶ ፋብሪካውን ሊረግም ይችላል። አይርገም። አንደኛውን ከሌላኛው ለየት የሚያደርጉት ሆን ብለው ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ አብረው መወዛወዝ ይቀናቸዋል፣ ሲለያዩ ግን አንዱ የሌላውን ውዝዋዜ ይገታል።

ስለ ውዝዋዜ ካነሣሁ ባሌስትራውን ልጨርስ። ጎማዋ የምትዞርበት ቋሚ ዘንግ ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ ወይም አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት። ባሌስትራው አርጅቶ ቅስቱ ሲጠፋ አናቱ ወደ ፊት ይወድቃል። ያን ጊዜ ጎማዋ በሆነ ፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፤ መቀመጫው፣ ፔዳሉ፣ የአብራሪው ጥርስ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ጎማ ይቀይራሉ፣ ኩሽኔታ ይቀይራሉ፣ ሰንሰለት ያጠብቃሉ። መጀመሪያ አንድ ሰው መቀመጫው ላይ አስቀምጣችሁ ዘንጉን በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ እዩት። የልጁ ደህና ነበር፤ ባሌስትራውን ከመኪና አውጥቶ ራሱ ነው ያጠፈው፣ በዚህ አመሰግነዋለሁ።

መቆለፊያዋ ግን ደህና አልነበረችም። አንዳንድ የጭራ ጎማዎች ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሲታጠፉ አንዲት ፒን ከጎድጓዷ ወጥታ ጎማዋን ነጻ ትለቃታለች፤ በጠባብ ቦታ አውሮፕላኑን ለማዞር ይጠቅማል። ጎማዋ ቀጥ ስትል ፒኗ ተመልሳ መግባት አለባት። የእኛን መረሬ አፈር የምታውቁ ሰዎች ቀሪውን ትገምታላችሁ። ክረምት የገባው ጭቃ ከግራሶ ጋር ተላቁጦ በጋ ላይ ደርቋል፤ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ደግሞ ግራሶው ራሱ ይጠነክራል። ፒኗ ግማሽ መንገድ ገብታ ቆማለች፣ ጠርዟም ክብ ሆኗል። እንዲህ ያለች ፒን በዝግታ ሲነዱ ትይዛለች፤ ጫን ሲሏት ታፈተልካለች፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ፈትተን በነዳጅ አጠብናት፣ ጠርዟን ግን ማዳን አይቻልም፤ አዲስ መቀረጽ አለባት። ትክክለኛውን ብረት ፈልግ ብዬዋለሁ፤ ከሚስማር እንዳይቆርጣት ሁለት ጊዜ አስምዬዋለሁ።

ሜንጦዎቹን አውጥተን ወርውረናል። በምትካቸው ቡሎን፣ ባለ ቀዳዳ ዳዶና ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያ ገብቷል። ሰንሰለቱን መልሰን አርዝመነዋል፤ ጭራው ተነሥቶም ጥቂት ይላላል።

እስካሁን ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነው። እሱ ሁለቱን ሰንሰለቶች አውጥቶ በውስጡ ሞላ ያለው አንድ ዘንግ ማስገባት ይፈልጋል። ውጭ አገር ብዙ ሠሪዎች ይገጥሙታል፤ ንጹሕ ነው፣ አይንኳኳም፣ ለነፋስም ያንሳል። ክፉ ነገር አይደለም። እኔ ግን ለእሱ አሁን አልመርጠውም፤ ሰንሰለት ሲበላ በዓይን ይታያል፣ ሲላላ ይሰማል፤ የዘንጉ ሞላ ግን ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚደክመው። «ጋሼ፣ ሰንሰለት የብስክሌት ነው» ይለኛል። ዘንጉን የሚቀርጽለት ሰው ሞጆ አግኝቷል አሉ፤ ከመጣ መጀመሪያ ፈትቼ ነው የማየው።