ከሠርጉ የተረፈ ጥፍር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? መቅረጽ ስጀምር ጠረጴዛውን በጣቶቼ መምታት ልማዴ ነው፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ አንዱንም ሳያስቀር ይለቅመዋል። ስለዚህ ዛሬ እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከሰማችሁ ጥፍሬ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። ወሬያችንም ስለ እርሱው ነው፤ ለየትኛው ቀን ምን ዓይነት ጥፍር ይሠራል?

ይህ ደግሞ ምን ወሬ ይወጣዋል የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የቀሚሴን ቀለም አይቼ ተመሳሳዩን አስቀባና አበቃ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሳምንት ነው።

ቅዳሜ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር። ከሚዜዎቹ አንዷ ስለነበርኩ ጥፍሬን በጄል፣ በልዩ መብራት ደርቆ በሚጠነክረው ቀለም፣ ረዘም አድርጌ አሠራሁ። ወተት የመሰለ ነጭ፣ በላዩ የብር ብናኝ፣ በሁለቱ የቀለበት ጣቶቼ ላይ ደግሞ ከሥር እስከ ጫፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ፈርጦች። አምረው ነበር፤ አሁንም ፎቶውን ሳየው ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ስልክ ተደወለ። የሌላዋ ጓደኛዬ አባት አርፈዋል።

ጥቁር ልብስ ከቁም ሣጥን ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ጥፍሩስ? ተራ ቀለም ቢሆን በጥጥ ጠርጌው እሄድ ነበር። ጄል ግን ላዩ በሞረድ ተፍቆ፣ ቀለም የሚያሟሟ አሴቶን የነካ ጥጥ ተጠቅልሎበት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ካልራሰ አይለቅም። ቤቴ ውስጥ አሴቶን የሚባል ነገር የለም። በጥርሴም በሌላው ጥፍሬም ብዬ የግራ እጄን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገሸለጥኳቸው። ቀለሙ ሲነሣ ከራሴ ጥፍር ስስ ነጭ ልጣጭ ይዞ ተነሣ። እዚያ ላይ ተውኩት። ሁለት የተላጡና ስምንት የሚያብረቀርቁ ጥፍሮች ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ።

እጆቼን በሻርፕ ጠቅልዬ ገባሁ። የጓደኛዬ እናት ጎናቸው አስቀመጡኝና ቀኝ እጄን ከሻርፑ ውስጥ አውጥተው ያዙት። ስለ መጨረሻዋ ሌሊት እያወሩ፣ ውሃ እንደጠየቋቸው፣ መስኮቱ ይከፈትልኝ እንዳሏቸው እየነገሩኝ፣ አውራ ጣታቸው ፈርጦቹን አንድ በአንድ ይዳስስ ነበር። ከሥር ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ እንደገና ከሥር ይጀምራል። ወደ ጥፍሬ አንድም ጊዜ አልተመለከቱም። እኔ ግን ሌላ ምንም አላየሁም። ማታ ቤቴ ስገባ ከፈርጦቹ አንዱ ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ ጥፍር ሠሪዋ «ለምን ዝግጅት ነው?» ስትለኝ መልሴ ተለውጧል። ዝግጅቱ አንድ ቀን ነው፤ ጄሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት አብሮኝ ይከርማል። በዚያ መካከል የሚመጣውን ማን ያውቃል? ስለዚህ መጀመሪያ የማስበው የማነሣበትን ቀን ነው። ለአንድ ምሽት ብቻ ደማቅ ነገር ካሰኘኝ በጥጥ የሚጠረገውን ተራ ቀለም እመርጣለሁ። ጄል ካሠራሁ ደግሞ ንድፉ ለሠርግም ለቢሮም ለለቅሶም የማያሳፍር ይሁን እላለሁ።

የእድገቱም ነገር አለ። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሥሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይታያል ማለት ነው። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ከሆነ ያ ባዶ ቦታ ከሩቅ ይጮኻል። ሥሩ የቆዳችንን መልክ የያዘ ስስ ቀለም ሆኖ ጌጡ ወደ ጫፍ ሲሆን ግን እድገቱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ፍሬንች የምንለው፣ ጫፉ ነጭ የሆነው አሠራር ዘመን የማይሽረው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስሙ ፈረንሳይን ይጥራ እንጂ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የኦርሊ ኩባንያ መሥራች ጄፍ ፒንክ እንደሆነ ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ የሆሊውድ ተዋናዮች ልብስ በለወጡ ቁጥር የጥፍራቸውን ቀለም መለወጥ ጊዜ እየበላ ስላስቸገረ፣ ከሁሉም ልብስ ጋር የሚሄድ አንድ መልክ ተፈለገ። እኔ በዚያ ማክሰኞ ማለዳ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ሙሽራ ለሆናችሁ ግን ምክሬ ሌላ ነው። በዚያ ቀን እንደ እጃችሁ ከቅርብ ፎቶ የሚነሣ ነገር የለም። እና እባካችሁ የቀለበት ጣታችሁን ተዉት! ፋሽኑ ያንን ጣት ለይቶ በፈርጥ መሙላት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ እዚያው ጣት ላይ ሊገባ ነው፤ ሁለት የሚያብረቀርቁ ነገሮች በአንድ ጣት ላይ ሲጣሉ የሚሸነፈው ቀለበቱ ነው። ጌጡን ለሌላ ጣት ስጡት። ቀለሙንም በሳሎኑ መብራት አትምረጡ። ናሙናውን ይዛችሁ ወደ መስኮት ሂዱና በእጃችሁ ጀርባ ላይ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን እዩት። መብራት ሥር ሮዝ የነበረው እዚያ ሲደርስ አመድ ሊመስል ይችላል። በቅርብ ፎቶ ላይ ደግሞ ከቀለሙ በፊት የሚታየው በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ደረቅ ቆዳ ነው። እርሱን ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ዘይት መቀባት ከየትኛውም ንድፍ ይበልጣል።

ተራ ቀለም ለምትቀቡ ደግሞ ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ። ይህ ቀለም የሚደርቀው የሚያሟሟው ፈሳሽ ተንኖ ሲያልቅ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ለሰዓታት ለስላሳ ነው፣ ወፍራም አድርጋችሁ ከቀባችሁማ የባሰ። የተመረቅኩ ቀን ዋዜማ ሌሊት ላይ ተቀብቼ ተኛሁ፤ ጠዋት የብርድ ልብሱ ሽመና አሥሩም ጥፍሬ ላይ ታትሞ ተነሣሁ። አብራኝ የተመረቀች ልጅ ንድፉን በጣም ወዳው የት እንዳሠራሁት ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ብዙ የምለው የለኝም። አጠር ያለ፣ አንድ ቀለም፣ ያልተላጠ። ቀይ ስለሆነ የሚቆጣ አይመስለኝም፤ ጫፉ የተፋቀ ቀይ ግን ካልተቀባ ጥፍር የባሰ ነው። ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የምትገቡ ከሆነ ቀለሙን አስነሡት። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ብርሃኑን የሚያሳልፈው በጣት በኩል ነው፤ ጥቁር ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ሕሙማንን በእጃቸው የሚነኩ ባለሙያዎችም ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳይቀጥሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ጀርም ይይዛል።

ረጅም ጥፍር ሥራ የማትሠራ ሴት ምልክት ነው ለሚሉኝ ግን ሁልጊዜ የማነሣው አሜሪካዊቷን ሯጭ ፍሎረንስ ግሪፊት ጆይነርን ነው። አጭር ርቀት ሯጭ ሲነሣ በጣቶቹ ጫፍ ተደግፎ ነው። እርስዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ረጅምና ያሸበረቀ ጥፍሯን መሬት ላይ አሳርፋ ተነሥታ 200 ሜትሩን በ21.34 ሴኮንድ ጨረሰች። ያ ክብረ ወሰን ዛሬም አለ።

የገሸለጥኳቸው ሁለቱ ጥፍሮች ሙሉ በሙሉ ተተክተው እስኪወጡ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። እስከዚያው እንደ ወረቀት እየተጣጠፉ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ይከለክሉኝ ነበር።

የጓደኛዬን እናት ከወራት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሲሸኙኝ ቆይ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ብዙ ጊዜ የታጠፈች ትንሽ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ስከፍታት ያቺ የጠፋች ፈርጥ ናት፤ ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ የፕላስቲክ።

«ከቀለበትሽ ወድቃ ነው ልጄ፤ ቤት ስጠርግ አገኘኋት። ስትፈልጊያት ከርመሻል» አሉኝ።

አዎ፣ ስፈልጋት ነበር አልኳቸው።